የማትጎትተው ሌንስ

እማ አሚና ያቺን ሌንስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልወደዷትም። የልጅ ልጃቸው ዓቢዳ ወልድያ ፎቶ ቤት ካለው ከአማረ ገዝታ፣ በሻሽ ጠቅልላ መርሳ ድረስ ይዛት ስትመጣ ወደ ብርሃኑ ወጣ ብለው አገላብጠው አዩዋት።

«ይኸው ነው?» አሉ። «የሽንኩርት ራስ አታክልም እኮ!»

«ትንሽነቷ ነው ቁም ነገሩ፣ እማ።»

«ትጎትታለች?»

«አትጎትትም።»

«የሩቁን ሰው አታቀርብም?»

«አታቀርብም፤ ቋሚ ናት። ሠላሳ አምስት ነው የምትባለው። ሰው ቀረብ አድርጌ ማንሳት ስፈልግ እኔው ሄጄ እቀርባለሁ። የሚጎትተው እግሬ ነው።»

እማ አሚና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። በየሠርጉ የሚመጡት አንሺዎች ክንድ የሚያህል፣ የሚወጣና የሚገባ ሌንስ ሲያዞሩ በዓይናቸው አይተዋል።

«አታለለሽ! ወላሂ አታለለሽ! ግማሹን እሱ ዘንድ አስቀርቶ ግማሹን ነው የሸጠልሽ። ሂጂና ቀሪውን አምጪ።»

ዓቢዳ እስክታነባ ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም። ከዚያን ቀን በኋላ ልጅቷ ወልድያ ባጃጅ ተራ ላይ ቆማ ሰው ስታነሳ በሐሳባቸው ይታያቸው ጀመር። ወደ ኋላ ስታፈገፍግ ባጃጅ ይገጫታል፤ አንዱ ቁጡ «ማን አንሺኝ አለሽ?» ብሎ ይመታታል፤ ቱቦ ውስጥ ትወድቃለች። እግር የሚያስኬድ ሌንስ ምን ሌንስ ነው? ሰው አንድ ቦታ ቆሞ ቢሠራ ምን አለበት?

እማ አሚና የሚጨነቁበት ነገር አጥተው አያውቁም። አራተኛ ክፍል ድረስ ተምረዋል፤ የመድኃኒት ወረቀት ያነባሉ፤ ሲያነቡም መጀመሪያ የሚፈልጉት ጉዳቱ የተጻፈበትን ቦታ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የሚጨነቁት ለረምላ ነው። ረምላ የአራት ዓመት ልጅ ናት። እናቷ ዘምዘም፣ የዓቢዳ ታላቅ እህት፣ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ስትሄድ ልጇን አያትየዋ ጭን ላይ አስቀምጣ፣ «እማ፣ ከእጅዎ እንዳትወጣ» ነበር ያለችው። ሌላ አላለችም። እሳቸውም ይህን ቃል እንደ አደራ ወረቀት ልባቸው ውስጥ አጥፈው ይዘውታል።

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ከቆቦ በኩል እየገፋ መጣ። ወልድያ ተናወጠች፤ ዓቢዳ መርሳ ገባች። ሳምንት ሳይሞላ መርሳም በተራዋ ጓዟን ማሰር ጀመረች።

«ካሜራሽን ይዘሽ አትሄጂም» አሉ እማ አሚና እቃ እየቋጠሩ። «መንገዱ ሁሉ ኬላ ነው። ካሜራ የያዘ ሰው ሲያገኙ ሰላይ ነው የሚሉት። ማሽላው ውስጥ ቅበሪያት። ጤፉ ውስጥ አይደለም! ጤፍ ቀዳዳ ካገኘ ይገባል፤ ያቺ ጉደኛሽ ደግሞ ዙሪያዋን ቀዳዳ ናት።»

«እሺ፣ እማ።»

ዓቢዳ ጎታው ጋ ሄዳ ክዳኑን አንኳኳች፣ ከፈተች፣ ዘጋች። ካሜራዋ ግን ከነሌንሷ ሰፊው ሂጃቧ ሥር፣ ደረቷ ላይ ቀረች። ትንሽ በመሆኗ ከላይ ያየ ሰው ምንም አይጠረጥርም።

መንገዱ ሌላ ነገር ሆኖ ጠበቃቸው። ከመርሳ ወደ ውርጌሳ የሚወስደው አስፋልት ሰው፣ ከብት፣ ፍራሽ የጫነ አይሱዙ፣ ጋሪ፣ ጭቃ። ዝናቡ ይመጣል ይሄዳል። አንድ ኬላ ላይ ረጅም ሌንስ ያንጠለጠለ ጎረምሳ አስቁመው ቦርሳውን ሲገለብጡ እማ አሚና ዓቢዳን በክርናቸው ነካ አደረጓት።

«አየሽ? እኔ የነገርኩሽን አየሽ?»

ዓቢዳ ሂጃቧን ሰብሰብ አደረገች።

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ የእማ አሚና ጓዝ ተፈታ። ሁለት ድስት ነበረበት፤ አንዱ ተንከባለለ። ረምላን ከጀርባቸው አወረዷትና፣ «ቀሚሴን ያዢ፤ እንዳትለቂ» አሉ። ጎንበስ ብለው ገመዱን እየሳቡ፣ «ዓቢዳ! ምን ትገተሪያለሽ? ነይ ያዢልኝ!» ብለው ጮኹ። ከኋላ አይሱዙ ጡሩንባውን ነፋ፤ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ወደ ዳር ተገፋ። እማ አሚና ደግመው ጮኹባት። ዓቢዳ መጥታ ያዘችላቸው፣ አሰሩ፣ ቀና አሉ።

ቀሚሳቸውን የያዘ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እማ አሚና በቅጡ አያስታውሱትም። ድልድዩ ሥር ወርደው አይተዋል። ያገኙትን ሕፃን ሁሉ ፊት እየያዙ አዙረዋል። አንዲት ሴት፣ «አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች? መኪና ላይ ጭነዋት ወደ ፊት ሲሄዱ አይቻለሁ መሰለኝ» አለቻቸው። መሰለኝ የሚለውን አልሰሙም። ውርጌሳ ድረስ በሩጫ እርምጃ ሄዱ። ተፈናቃይ የተጠለለበት ትምህርት ቤት ገብተው ክፍል በክፍል፣ «ረምላ! ረምላዬ!» እያሉ ጮኹ። አንዲት ረምላ ተገኘች፤ የሌላ ሰው ረምላ ነበረች።

ከሰንደቅ ዓላማው ሥር ጭቃው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

«ያ ረቢ፣ ለዘምዘም ምን እላታለሁ? ስልኩ ተቋርጧል ብዬ ደስ ይበለኝ? ከእጄ ወጣች እኮ! ከዚህ እጄ!»

ዓቢዳ ፊታቸው ተንበረከከች።

«እማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ቆይተው ይቆጡኛል። ካሜራዋን አልቀበርኳትም።»

እማ አሚና ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«ይዤያት ነው የመጣሁት። ድልድዩ ጋ እርስዎ ጓዝ ሲያስሩ... ያኔ አንስቼዎታለሁ።»

ያኔ። የልጅቷ እጅ ሲላቀቅ ዓቢዳ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ በካሜራ ታይ ነበር ማለት ነው። እማ አሚና የሚሉት ነገር ጉሮሯቸው ድረስ መጣ፤ ትልቅ ነገር ነበር፤ ከተባለ የማይመለስ። በዚያው ቅጽበት እነዚያ ሁለት ድስቶች ጓዙ ውስጥ ተጋጭተው ኳ አሉባቸው። ድስት! ለድስት ብለው ነው ልጅቷን ያወረዷት። የመጣውን ዋጡት።

«አሳዪኝ» አሉ።

ባትሪው ቀይ ያበራል። ዓቢዳ ሥዕሎቹን ቶሎ ቶሎ አሳለፈችና አንዱ ላይ ቆመች።

«ይቺ አፏን ከፍታ የምትጮኸው አሮጊት ማን ናት?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ?» አሉ። «እኔን ተዪኝና ልጅቷን አሳዪኝ።»

ዓቢዳ ቁልፉን ተጫነች፤ ሥዕሉ ሰፋ። አሁንም ተጫነች፤ አሁንም ሰፋ። ከእማ አሚና ትከሻ በስተኋላ ያለው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ የድልድዩ ብረት፣ የሰው እግር፣ የአይሱዙው አፍንጫ።

«ትጎትት የለም እንዴ!» አሉ እማ አሚና በድንጋጤ መሐል።

«ካነሳሁ በኋላ ነው፣ እማ። ሌንሷ ከቅርብ ሆና ብዙ ነገር ነው የምትይዘው። ያ ረጅሙ ቢሆን የእርስዎን ፊት ብቻ ነበር የሚያወጣው።»

የእማ አሚና አፍንጫ የካሜራዋን መስታወት ሊነካ ደርሷል። ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ አንዲት አህያ ቆማለች። ግራ ጆሮዋ ከጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ።

«ይቺን ሌባ አውቃታለሁ!»

«የቷን?»

«አህያይቱን! የጎረቤታችን የፈንታው አህያ! ሦስት ዓመት ሙሉ የፓፓያ ችግኜን የጨረሰች! ጆሮዋን በሺህ አህያ መሐል እለየዋለሁ። እስቲ ጀርባዋን ጎትቺልኝ፣ ጀርባዋን!»

ዓቢዳ ጎተተች። በሁለት የማንጎ ጆንያዎች መሐል አረንጓዴ እጅጌ ይታያል። ከእጅጌው ሥር የልጅ ወገብ የደገፈ ትልቅ እጅ አለ። የእጁ ባለቤት ፈንታው ወደ እነሱ ዞሮ አፉን በሰፊው ከፍቷል፤ እየጠራቸው ነበር። አህያይቱ ደግሞ አንገቷን ከአስፋልቱ አውጥታ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቀጭን መንገድ አዙራለች።

እማ አሚና ተነሡ።

«ሚስቱ ታደለች የወንዝ ማዶ ልጅ ናት። ሠርጓን በልቻለሁ፤ የአባቷን ለቅሶ ደርሻለሁ። ቤቱን አውቀዋለሁ። ተነሺ!»

«እማ፣ ወደ ኋላ እኮ ነው። ተኩሱ ወዳለበት።»

«ልጄ ያለችው ወደዚያ ነው።»

ድስቶቹን እዚያው ትምህርት ቤት ግቢ ለማያውቋት ሴት ሰጡና ወጡ።

ሰው ሁሉ ወደ ታች፣ እነሱ ወደ ላይ። ጨለማ የሚፈሩት፣ ባጃጅ የሚፈሩት፣ ውሻ የሚፈሩት እማ አሚና ጎርፉን በትከሻቸው እየከፈሉ ይሄዳሉ። «እማማ፣ ተሳስተዋል! መንገዱ በዚህ ነው!» ይሏቸዋል። «ሂድ አንተ መንገድህን» ይላሉ ሳይቆሙ። ከሩቅ ከባድ መሣሪያ ሲጮህ ዓቢዳ ትደነብራለች፤ እሳቸው ግን «ተራምጂ! የሚጎትተው እግሬ ነው ብለሽኝ የለ?» ይሏታል።

ከከተማው መውጫ ላይ በገመድ የተዘጋ ኬላ አለ። ጠመንጃ ያነገተ ጎልማሳ እጁን ዘረጋ።

«ወደዚያ ማንም አይሄድም፣ እናቴ። ይመለሱ።»

ዓቢዳ ሂጃቧን ሰበሰበች። እማ አሚና ግን እጃቸውን ልከው ካሜራዋን ከደረቷ ላይ ሳቡና በጎልማሳው ዓይን ፊት አቆሟት።

«ካሜራ?» አለ ፊቱ ተለዋውጦ። «ከየት ነው የመጣችሁት? ምን ስታነሱ ነበር?»

«አዎን፣ ካሜራ! እኔን ስታነሳ ነበር! እይ! ይቺ አሮጊት እኔ ነኝ። ይቺ አህያ የጎረቤቴ ናት። ይኸ አረንጓዴው እጅጌ ልጄ ናት፤ እናቷ ሰው አገር ናት፤ አደራዬ ናት። እሰረኝ ካልክ ስመለስ እሰረኝ። አሁን ገመዱን አንሣ!»

ጎልማሳው ጎንበስ ብሎ አየ። ሥዕሏን አየ፣ እማ አሚናን አየ፣ እንደገና ሥዕሏን አየ። ያን ጊዜ ባትሪው አለቀና መስታወቱ ጠፋ።

«የሥዕሉ አፍስ የእርስዎው ነው» አለ ፈገግታውን እየታገለ። ገመዱንም ከፍ አደረገላቸው። «ቶሎ በሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እዚህ ልያችሁ።»

ወንዙን ድንጋይ በድንጋይ ተሻገሩት። ከዳገቱ ላይ ያለው የታደለች አባት ቤት ገና ከሩቅ ሲታይ፣ ደጁ ላይ ጆሮዋ የተሰነጠቀ አህያ ቆማ ነበር። ከአህያይቱ አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ፣ ከአገጯ እስከ ግንባሯ ማንጎ የተቀባች ልጅ ተቀምጣለች።

«እማ!» አለች ረምላ ፍሬውን ሳትለቅ። «የት ጠፍታችሁ ነው?»

እማ አሚና ልጅቷን ከነማንጎዋ አቅፈው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እልልታውን ያቀለጠችው ታደለች ናት፤ የመንደሩ ሴቶች ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሏት።

«እኔን ሌባ እንዳይሉኝ ደግሞ!» አለ ፈንታው እጆቹን እያወዛወዘ። «መኪናው ሊድጣት ሲል ነው ያነሣኋት። ‹እማ አሚና! እማ አሚና!› እያልኩ ጮህኩ። እርስዎ ግን ዓቢዳን እየተቆጡ እንዴት ይስሙኝ? ሰው ገፍቶ ገፍቶ ወደዚህ አወረደን። ተመልሼ ድልድዩ ጋ ብፈልጋችሁ የላችሁም።»

«ስትጮህ አይቼሃለሁ» አሉ እማ አሚና እንባቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ።

«አይተውኝ ነበር?»

«አሁን ነው ያየሁህ።»

ፈንታው ግራ ተጋብቶ ዓቢዳን ተመለከተ። አህያይቱ በዚህ መሐል ቀረብ ብላ የእማ አሚናን የነጠላ ጥለት ማኘክ ጀምራለች። ፈንታው ሊመታት እጁን ሲያነሣ እማ አሚና ያዙት።

«ተዋት። ዛሬ ትብላ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ኬላውን አለፉ። ያ ጎልማሳ ረምላን ሲያይ ቆቡን አውልቆ አወዛወዘላት። እማ አሚናም ከዚያ እስከ ደሴ ድረስ በአይሱዙ ላይ ለተሳፈረው ሰው ሁሉ ስለ ሠላሳ አምስት ሌንስ አስረዱ፤ ገሚሱን አስተካክለው፣ ገሚሱን ከራሳቸው ጨምረው።

በጥር ወር መርሳ ተመለሱ። ቤቱ ተፈትሿል፤ የማሽላው ጎታ ተገልብጦ ባዶ ሆኗል። አንዲት ፍሬ አልቀረችም። እማ አሚና ጎታውን ጎንበስ ብለው አዩ፤ ከዚያ የዓቢዳን ደረት አዩ።

«እንኳን አልሰማሽኝ» አሉ። ይህን ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ዓቢዳ ደግመው እንዲሉት ለመነቻቸው፤ እምቢ አሉ።

መብራትና ስልክ ሲመለስ ለዘምዘም የሚላክ ፎቶ ተነሡ። ፈንታው አህያይቱን አመጣ፤ ረምላ ላይዋ ወጣች። ታደለች፣ «ከዚያ ራቅ ብለሽ አንሺን፤ ሁላችንም እንድንገባ» አለቻት ዓቢዳን።

«ምን ያርቃታል!» አሉ እማ አሚና እንደ ባለሙያ። «ቅረቢ፣ ዓቢዳ። ሁሉንም ትይዛለች። ደግሞ የአህያይቱ ጆሮ ይታይ፤ በደንብ ይታይ።»

ዓቢዳ ሁለት እርምጃ ቀረበች። እማ አሚና ቀጥ ብለው ቆሙ፤ የረምላን ቀሚስ ጫፍ ግን ሁለት ዙር እጃቸው ላይ ጠምጥመውት ነበር።