ሁለተኛው ዘበኛ

በእኛ ቤት ስልክ ይነሳል። ሥራ ላይ ቢሆኑ፣ ሰው ፊት ቢሆኑ፣ እጅዎ ሳሙና ቢሆን ይነሳል። ይህን ሕግ ያወጣሁት ልጄ በዝናብ መንገድ ላይ መኪና ተንሸራቶባት የቀረች ጊዜ ነው። ያን ዕለት ደጋግሜ ስደውልላት ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። ከዚያ ወዲህ ያልተነሳ ስልክ ለእኔ መርዶ ነው። ልጄ ትታልኝ የሄደችው የልጅ ልጄ፣ እኔኑ «እማዬ» እያለች ያደገችው፣ እኔም ልጄ የምላት፣ ይህን ስለምታውቅ አንድም ቀን ሳታነሳልኝ ቀርታ አታውቅም። ምነው ያን ቅዳሜ እንኳ ባላነሳችው!

የምትሠራው ሆስፒታል ነው፤ ሐኪም ግን አይደለችም። የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚያገናኘውን ኔትወርክ ነው የምትጠብቀው። እኔ ማንበብ መጻፍ አያቅተኝም፣ የእሷ ሥራ ግን አይገባኝም ነበር። ስለዚህ ከሥራ ስትገባ፣ ጫማዋን እየፈታች ታስረዳኛለች።

«ሐኪሙም ነርሷም ኮምፒውተር ሲከፍቱ ስማቸውንና የይለፍ ቃላቸውን ይጽፋሉ አይደል እማዬ? ያንን አጣርቶ፣ አንተ ግባ፣ አንተ ተመለስ የሚል ፕሮግራም አለ።»

«ዘበኛ ነው በይኛ።»

«ዘበኛ ነው። እንዲያውም ሁለት ናቸው፣ በሁለት ማሽን ላይ። አንደኛው ሲታመም ሁለተኛው ተነስቶ በሩ ላይ ይቆማል።»

«እስከዚያ ምን ይሠራል?»

«ይተኛል።»

«ደመወዙን እየበላ? እንዲህ ያለ ሥራማ ለእኔም ፈልጊልኝ!»

በሳቅ ፍርስ አለች። ከዚያ በኋላ በቤታችን ማሽኖቹ ስማቸው ዘበኞቹ ሆነ። «ዘበኞቹ ደህና ዋሉ?» እላታለሁ፣ «አንዱ አስነጥሶት ነበር» ትለኛለች።

አንድ ሳምንት ግን ፊቷ ጠቆር ብሎ ገባች። ዘበኛው ላይ ክፍተት ተገኝቶበታል። ነገሩን የሚያውቅ ሌባ የተንኮል መልእክት ከላከለት፣ የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍትለታል። የሠሩት ሰዎች ቀዳዳውን የሚደፍን ማስተካከያ ልከዋል። ችግሩ፣ እሱ ሲጫን ማሽኑ ጠፍቶ መነሳት አለበት፤ ያኔ ሐኪሞቹ ሥራቸውን ያቋርጣሉ። ስለዚህ ሰው የሚቀንስበት ቅዳሜ ከሰዓት ተመረጠ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ። እኔ እንደሆንኩ ደመና ሳይ ልቤ ቦታውን ይለቃል። ደወልኩ።

«ወዬ እማዬ።»

«ዝናቡ መጣ። አልጨረስሽም?»

«አንደኛውን ደፍኜዋለሁ። ሁለተኛው ቀርቶኛል፤ ጭኜ፣ አስነስቼ፣ በትክክል መሥራቱን ማየት አለብኝ።»

«ሁለተኛው ተኝቶ የለም እንዴ? የተኛ ዘበኛ ሰኞ አይደርስም? መንገዱ ሳይረጥብ ነይልኝ፣ አፈር ስሆን።»

ዝም አለች። ማሽኖቹ ክፍል ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ ሲያጓራ ይሰማኛል። ያቺ ዝምታ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለች። እሷ የሥራዋን ነገር ስትመዝን፣ እኔ ደግሞ «ምነው ዝም አልሽ? ልብሴን ለብሼ ልምጣ እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ ተይ፣ መጣሁ። ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ እሱን ነው የምነካው።»

የመጀመሪያዋ ጠብታ ሳትወርድ ደረቅ እንደሆነች ገባች። ብርድ ልብስ ደረብኩላት። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው፣ «አየሽ?» አልኳት እንደ ብልህ ሰው። አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

እሑድ ሆስፒታሉ ውስጥ መብራት ተቆራረጠ። አንደኛው ማሽን ሥራ አቆመ፤ ሁለተኛው ከነቀዳዳው ተነስቶ በሩ ላይ ቆመ። ሌባው ገባ።

ሰኞ እኔም የደም ግፊት ቀጠሮ ነበረኝ። ምንም ሳልሰማ ሄድኩ። የታካሚው ሰልፍ ከካርድ ክፍሉ ተነስቶ እስከ ግቢው በር ደርሷል። የኮምፒውተሮቹ ገጽ ጥቁር ነው፤ የማንም የምርመራ ውጤት አይወጣም። ነርሶቹ ቁርጥራጭ ወረቀት ላይ በእጃቸው ይጽፋሉ።

«እትዬ፣ ጅራቱ ወዲያ ነው» አለኝ ክራንች የተደገፈ ሰውዬ። «ዛሬ ያልታመመም ቆሞ ይታመማል።»

«ምን ተፈጠረ ልጄ?»

«ሌባ በኮምፒውተር ገብቶ ሁሉን ቆለፈው ይላሉ። አንዱ በሩን መጠገን ጀምሮ፣ ግማሹን ትቶ ቤቱ ሄደ አሉ።»

«ሚስቱ ጠርታው ይሆናላ!» አለች ከኋላችን አንዷ፤ ሰልፉ ሳቀ።

«ይኸው አሁን ይሯሯጣሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!»

ግማሹን ማን እንደተወው ገባኝ። ከፊቴ አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋለች። የሕፃኑ የደም ውጤት ስለጠፋ እንደገና ሊቀዳ ነው። መርፌውን ያውቀዋል መሰለኝ፣ ነጭ ጋውን በለበሰ ሰው ሁሉ ላይ ያለቅሳል፤ ትንሿን ክንዱን እናቱ ብብት ሥር ደብቋል። ያንን ክንድ ማየት አልቻልኩም። ወረፋዬን ትቼ እሷ ወደምትሠራበት ፎቅ ወጣሁ።

የክፍሉ ኃላፊ በር ገርበብ ብሏል። ልጄ ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ለምን ሁለተኛውን ተውሽው?» ይላታል ኃላፊው።

«ረሳሁት» አለች።

ስለ እኔ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እኔ ግን አላስችል አለኝ፤ በሩን ገፍቼ ገባሁ።

«አልረሳችም! እሷ የምትረሳ ልጅ አይደለችም! እኔ ነኝ ዝናብ መጣ ብዬ የጠራኋት፣ በእኔ ፍረዱ!»

«እማዬ!» አለች።

ኃላፊው ከወንበሩ ተነሳ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበር ሳበልኝ። «ይቀመጡ እናቴ» ካለ በኋላ ወደ እሷ ዞረ። «ቀዳዳው እንዳለ እያወቅሽ ነው የሄድሽው?»

ልጄ አንገቷን ደፋች።

«የረሳ ሰው ይመከራል፤ እኔም የዘነጋሁት ቀን አለ። እያወቀ የተወ ሰው ግን ...» አለና ተወው። «ደውለሽልኝ፣ ሌላ ሰው ተኩልኝ ብትይ፣ ማን እምቢ ይልሽ ነበር?»

በማስጠንቀቂያ ሊያልፈው ኖሯል። ሸፈንኩላት ብዬ ገለጥኳት። የዚያኑ ዕለት ዘበኞቹን ከሚነኩት ሰዎች መካከል ስሟ ተሰረዘ፤ ሥራዋ የተበላሸ ማተሚያና የተበጠሰ ገመድ መጠገን ሆነ። የሥራ ባልደረቦቿ ደመና ባዩ ቁጥር «ሂጂ እንጂ፣ እማዬ ትጠራሻለች» እንደሚሏት የሰማሁት ከሰው ነው። እሷማ አትነግረኝም።

ቤት ስንገባ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ለምን መጣሽ እማዬ?»

«ልጠብቅሽ ብዬ ነዋ።»

«አውቃለሁ» አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህም ስልኬን ታነሳለች፣ ገና አንዴ ሳይጮኽ። «ወዬ እማዬ፣ ደህና ነኝ።» የዘበኞቹ ወሬ ግን ቀረ። «ደህና ዋሉ?» ስላት፣ «እኔ እንጃ፣ አሁን እኔ አላያቸውም» አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ አልጠየቅኋትም። ጫማዋን ዝም ብላ ትፈታለች። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል በአንድ ጠዋት፣ በር ላይ ሆና «ዛሬ እቆያለሁ። ማሽኖቹ ላይ ሌላ ክፍተት ተገኝቷል፤ አጠገባችን ሆነሽ እጅሽን አበድሪን ብለውኛል» አለችኝ። ኮሌታዋን አስተካክዬ ሸኘኋት።

ከሰዓት ደመናው መጣ። አልደውልም ብዬ ስልኩን ትራስ ሥር ከተትኩት። መልሼ አወጣሁት። ነጎድጓዱ ሲያንባርቅ እጄ ቀደመኝ፤ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ እስኪያበቃ ጠራ። አልተነሳም።

ጫማዬን አድርጌ፣ ነጠላዬን ደርቤ፣ በሩን ይዤ ቆምኩ። ወጥቼ የት እንደምሄድ ግን አላወቅሁም፤ ያለፈው አካሄዴ ደግሞ ትዝ አለኝ። ከነጫማዬ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና፣ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ፣ ሁለተኛ ሳልደውል ዝናቡን አዳመጥኩ።

ስትገባ ልብሷ ሰውነቷ ላይ ተለጥፏል።

«ደውለሽ ነበር እማዬ?»

«ኧረ እጄ ነክቶት ነው» አልኳት።

እግሬ ላይ ያለውን ጫማ አየችው። የእሷን ልትፈታ ስትቀመጥ አጠገቧ ተጠግቼ ጠበቅሁ። ሁለተኛውስ ተደፈነ ወይ ማለት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ፎጣ አቀበልኳትና «ራስሽን አድርቂ፣ ብርድ እንዳይመታሽ» አልኳት።

«እሺ» አለች። ጫማዋን አንጠልጥላ ወደ ክፍሏ ገባች።