ሁለቱ በለሶችና የአሥር ተኩል ትምህርት

ማንበብ እችላለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በቀበሌው መዝገብ ላይ «የማይችል» ተብዬ ስለተጻፍኩ ነው። የኔታ ዘንድ ዳዊት ደግሜአለሁ፤ ከዚያም አስኳላ ገብቼ አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ። ብዙ አይደለም። ግን ምንም አይደለም አይባልም።

ነገሩ የተበላሸው በ1971 ሰኔ ላይ ነው። ጓሮዬ ካሉት ሁለት በለሶች ሥር የሚያቆጠቁጠውን ስቆርጥ ሰንብቼ ነበር። የበለስ ወተት ቆዳ ያቃጥላል፤ ጣቶቼ አብጠው በጨርቅ ጠቅልያቸዋለሁ። የቀበሌው ሊቀመንበር ብርሃነ መዝገብ ይዞ መጣ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሊጀመር ስለሆነ የሚያነበውንና የማያነበውን ይለዩ ነበር። «ፈርም» አለኝ። እስክሪብቶ መያዝ ስላልቻልኩ አውራ ጣቴን አሳየሁት። ቀለም አስነክቶ አስረገጠኝና ሄደ። ለካ በጣቱ የፈረመ ሁሉ የማያነብ ተብሎ ይቆጠራል። ለምን አልነገርከውም ይሉኛል። አልጠየቀኝማ። ይኸው ብርሃነ ልጅ ሳለ፣ ኳሱ ግቢዬ በገባች ቁጥር «ጋሼ ረታ» እያለ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ይለምነኝ ነበር። አሁን «ጓድ ረታ» ነኝ፤ «አንተ» ነኝ።

በለሶቹን ያመጣኋቸው ከአቶ ገብረየስ ግቢ ነው። ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ቪላ ነበራቸው፤ አሥራ አራት ዓመት አትክልተኛቸው ሆኜ ኖሬአለሁ። እንግዳ ሲመጣ በለሱን በሳህን ያቀርቡና «እኔው ራሴ ነኝ የምንከባከበው» ይላሉ። እኔ የውኃ ጎማ ይዤ እዚያው አጠገባቸው ቆሜአለሁ። በአሥራ አራት ዓመት አንድ ቀን እንኳ እስቲ ቅመስ አላሉኝም። ሰርቄ መብላት እችል ነበር፤ አልሰረቅኩም። ቤቱ በአዋጅ ሲወረስ የቀበሌው መሰብሰቢያ ሆነ፤ ዛፉም ለወንበር ቦታ አጣበበ ተብሎ ተቆረጠ። ደግነቱ እኔ ቀደም ብዬ ሁለት ቅርንጫፍ ወስጄ ተክያለሁ።

የኔ ቤት ያለው ከአየር ማረፊያው ወዲያ፣ ሜዳው ጫፍ ላይ ነው። ከየካ ተራራ የሚወርደው ብርድ መሄጃ አጥቶ እዚያ ይተኛል። ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ጠዋት ሣሩ ነጭ ነው። በለሶቹ በየዓመቱ ሽቅብ ይሉና ውርጩ እስከ ጉልበቴ ድረስ መልሶ ያወርዳቸዋል። አምና በቂ ጆንያ አጠራቅሜ ስላለበስኳቸው ቁመቴን አለፉ፤ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አውራ ጣት የምታክል ፍሬ ያዙ። ውርጩን ካለፉ ፍሬው ይበስላል። ካላለፉ እንደገና ከሥር መጀመር ነው፤ እኔ ደግሞ ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ ከሥር መጀመር ሰልችቶኛል።

ማልበሱን እንደ ቀላል የሚያዩ አሉ። ዙሪያውን አራት እንጨት ይተከላል፤ ጆንያው ቅጠሉን መንካት የለበትም። ግንዱ ሥር ጭድ ይጎዘጎዛል። ዋናው ግን ሰዓቱ ነው። ፀሐይ መሬቱን አሙቃ ስታበቃ፣ ሳትጠልቅ፣ ሙቀቱን እላዩ ላይ መዝጋት ነው። በቀትር ከሸፈንከው ፀሐዩን ትነፍገዋለህ፤ ከመሸ ከሸፈንከው ብርዱን አብረህ ትዘጋበታለህ። ከአሥር ተኩል እስከ አሥራ ሁለት፤ ሌላ ሰዓት የለም።

ትምህርቱም ከአሥር ተኩል እስኪመሽ ሆነ። እዚያው አቶ ገብረየስ ቪላ ውስጥ። እኔና ባለቤቴ ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠን ፊደል እንቆጥራለን። ሙሉ በእውነት የማታነብ ነበረችና ደስ ብሏት ነው የምትሄደው፤ አንድ ቀን ቀርተሽ በለሶቹን አልብሺልኝ ማለት አልቻልኩም። ሦስት ቀን ከቀሩ የስኳር ራሽን ይያዛል። ፈትኑኝ ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። አልጠየቅኩም። የተሳሳተው ሰው ራሱ መጥቶ ያስተካክለው አልኩ። እንደዚያ እያልኩ አምስት ወር አለፈ።

ጎረቤት እንዲያለብስልኝ ብጠይቅ አንድ ቀን አድርጎ ሁለት ቀን ይረሳል። በቀትር ሸፍኜ ብሄድ ቅጠሉ ገረጣ። በኅዳር መጨረሻ አንድ ጠዋት ባልዲው ውስጥ ያለው ውኃ የበረዶ ቆዳ አውጥቶ አገኘሁት። በአጥሩ በኩል ያለው በለስ ከጫፍ እስከ ወገቡ ጠቁሯል። ፍሬዎቹን ስነካቸው እንደ ተቀቀለ ነገር ፈረጡ። አንዱ ሄደ። አንዱ ቀረኝ።

በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ ሙሉ ስትቸገር በጆሮዋ ሹክ ስላት አስተማሪያችን ሶሬቲ ሰማችኝ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ሰው ታከብራለች። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ያነባሉ» አለችኝ። ለጓድ ብርሃነ ልንገርልዎት ስትለኝ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺ አደረገችው።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጠራሁ። ብርሃነ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ ሶሬቲ በሩ አጠገብ ቆማለች። ወንበር የለም።

«ዛፍህን ብርድ ልብስ ታለብሳለህ አሉ» አለኝ። «ሚስትህስ ደርሷታል?»

ጋዜጣ ወረወረልኝ። ስለ ስንዴ ምርት የተጻፈ ነበር፤ ሁለት ዓምድ ሳላቋርጥ አነበብኩለት። ይህችን ሰዓት አምስት ወር ጠብቄአታለሁ፤ ልቤ ሞቅ የሚል መስሎኝ ነበር። እግሬን ደከመኝ እንጂ ሌላ የተሰማኝ ነገር የለም።

«ጥሩ ነው» አለ ብርሃነ። «የሚያነብ ሰው ጠፍቶ በልጆች ነው የምናስተምረው። ከሰኞ ጀምሮ ጋራዡ ውስጥ የሚማሩትን አንተ ትይዛለህ።»

«ስንት ሰዓት?»

«ስንት ይሆናል? አሥር ተኩል ነዋ።»

አስተማሪ የቀረ እንደሆነስ አልኩት።

«ተማሪ ሲቀር ስኳሩ ይቀርበታል። አስተማሪ ሲቀር ግን አሻጥር ነው። የዚያን ጉዳይ እኔ አላየውም።»

በዚህ ዘመን አሻጥር የተባለ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ማንም አይነግርህም፤ ማንም ግን አያጣውም። ቆሜ አሰብኩ። የማነብ ከሆንኩ በለሱ ይሞታል። የማላነብ ከሆንኩ ስኳር ብቻ ነው የማጣው።

«እንደተጻፈው ይቆይልኝ» አልኩት።

«ምኑ?»

«መዝገቡ።»

ሶሬቲ ኧረ ጋሼ ብላ ጀመረችና ብርሃነ ቀና ሲል ተወችው።

«ማንበብ የማትችል፣ ትምህርትም የማትመጣ?» አለኝ።

«አዎ።»

«እስከ የካቲት ስኳር የለም። ሳሙናም የለም።»

«ይሁን።»

ትንሽ አየኝና ጋዜጣውን አጠፈው። «እኔ ሲያነብ አላየሁም» አላት ለሶሬቲ። ይበልጥ ያቃጠለኝ ይኼ ነው፤ ነገሩ ለሱ ተመቸው። ስሜን ቢያስተካክል በስህተት መዘገብኩ ብሎ ለበላይ መጻፍ ነበረበት። እኔ ከዚያ አዳንኩት፤ ሳልወድ ባለውለታው ሆንኩ።

ቤት ስደርስ ሙሉ ደብተሯን በብብቷ ይዛ ወደ ትምህርት ልትወጣ ነው። ነገርኳት። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አንተ ዛፍ ታቀፍ፣ እኔ ሻዬን በጨው ልጠጣ?»

በለሱ ሲበስል ይጣፍጥልሻል አልኳት። ቀምሰኸው ታውቃለህ ወይ አለችኝ። እንደማላውቅ እሷም ታውቃለች። አቶ ገብረየስን ስረግም አሥራ አራት ዓመት የሰማች እሷ ናት።

ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች። አራቱ እንጨቶች እንደቆሙ ናቸው፤ ጆንያዎቹን ተሸክሜ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ቅርንጫፉ ሰፍቶ ስለነበር ላዩን ለብቻዬ መሳብ አቃተኝ። ስትሄድ የሰማኋት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቆማ ታየኛለች። ደብተሯን አጥሩ ላይ ሰክታ መጣችና የጆንያውን አንድ ጫፍ ያዘች። እኔ በወዲያ በኩል ገመድ አስገባሁ። ጆንያው ላይ ሰማያዊ ጽሑፍ አለ። ሙሉ አፏን እያንቀሳቀሰች አንድ ሁለቱን ፊደል ለቀመችና ሦስተኛው ላይ ቆመች።

«ይቺ ማን ናት?» ብላ ወደኔ ዞረች። ወዲያው ደግሞ ከንፈሯን መጠጠች። «አንተን ምን እጠይቅሃለሁ፤ አትችልም።»

«አዎ» አልኳት። «ወደ ታች ሳቢው። ቅጠሉን ነክቷል።»

ሳበችው። ከዚያ ደብተሯን ይዛ እየሮጠች ሄደች፤ አሥር ተኩል አልፎ ነበር። እኔ ጭዱን ጎዝጉዤ፣ የጆንያውን ጫፍ በድንጋይ ጭኜ፣ ፀሐይዋ እስክትወርድ እዚያው ተቀመጥኩ።