የቫንዲ ደም

ከኢቦላ ድኜ ወደ ቤቴ ስመለስ ባሌ ቫንዲ ደጃፉ ላይ ጠበቀኝና «ምንጣፍሽን ጓሮ አንጥፌልሻለሁ፤ ወደ እኔ እንዳትጠጊ» አለኝ። ነርሶቹ ደህና ነች ብለው ለመንደሩ ሁሉ ተናግረዋል። እሱ ግን ሩዙንና የካሳቫ ቅጠል ወጡን በእህቱ ያሠራል፤ እኔ ለብቻዬ እበላለሁ።

ልጃችን ጀቤ በዚያው በሽታ ሞታለች። ቫንዲ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም «ሚስቴ ባይንዱ ናት ከገበያ ያመጣችባት» ይል ነበር። እኔም አመንኩ። ዓሣ የምሸጠው እኔ፣ ከሰው ጋር የምጋፋው እኔ፤ ሌላ ከየት ይመጣል?

ወረርሽኙ ካለፈ ከዓመታት በኋላ፣ እኔ ገና ጓሮ እያደርኩ፣ የጤና ሰዎች መጡ። በሽተኛ ከነበረበት ቤት የቀረውን ሰው ሁሉ ደም ሊመረምሩ ነው። ማሳ የምትባል ነርስ በቋንቋችን በሜንዴኛ አስረዳችን፤ በሽታው አንዴ የገባበት ሰው፣ ሳይታወቀው ቢያልፍለት እንኳ፣ ደሙ መከላከያ ያበጃል፤ መከላከያውም ቶሎ አይጠፋም።

ቫንዲ ክንዱን ዘረጋላት። «ቅጂ እህቴ። ንጹሕ ደም ምን እንደሚመስል ታያለሽ» አላት፣ እኔን እያየ።

ውጤቱን ለየብቻችን ጠርታ ነገረችን። ቫንዲ የራሱን ሳይነግረኝ ወደ እርሻው ሄደ። አንድ ቀን ዓሣዬን ተሸክሜ ወንዶቹ በሚቀመጡበት ዳስ አጠገብ ሳልፍ ድምፁን ሰማሁ።

«ኢቦላ እኔም ውስጥ ገብቶ ነበር አሉ» ይላል እጅጌውን ሰብስቦ። «ምን አባቱ ያመጣል? ይሄ ደም እኮ የዋዛ ደም አይደለም።»

ሳቁለት። ሽማግሌው ላሃይ ብቻ «መቼ ያዘህ?» አሉት።

«ሞሞን አጥበን የቀበርን ሰሞን ትኩሳት ቢጤ ነካ አድርጎኝ ነበር። ወባ ነው ብዬ ተውኩት።»

ዓሣዬን አውርጄ ቆምኩ። ሞሞ በኢቦላ የሞተ የመንደራችን ሰው ነው፤ ያኔ ሬሳ ማጠብ ክልክል ነበር፤ ለእኔም በቀብሩ ቀን እርሻ ነበርኩ ብሎኛል። ቫንዲን ትኩሳቱ ሲይዘው ትውከቱን በባዶ እጄ ጠርጌያለሁ። ጀቤ አባቴ አመመው ብላ እቅፉ ውስጥ ተኝታለች። እኔና እሷ የታመምነው ከዚያ በኋላ ነው።

ቤት ሲመጣ ጠየቅኩት። «ሞሞን አጥበሃል?»

«ያለፈ ነገር ምን ያደርግልሻል?» አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ አጠገቤ ተቀመጠና እጁን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገ። «ይልቅ ደስ ይበልሽ። አሁን እኮ እኩል ነን፤ ወደ ውስጥ ግቢ።»

መዳፉ ሞቃትና ላብ ያራሰው ነበር። ተነሥቼ ጓሮ ሄጄ አስመለስኩ። ስመለስ ሩዝ እየበላ ነው፤ ከንፈሩ በዘይት ወዝቷል። የጀቤን ስም አንዴም አላነሣም።

በማግስቱ እናቴ ቤት ገባሁ። ቫንዲ ሽማግሌዎች ላከብኝ። ላሃይ «ልጄ፣ መታመሙን አላወቀም እኮ» አሉኝ።

«መታመሙን አላወቀም፤ ሬሳ ማጠቡን ግን ያውቃል» አልኳቸው። «ልጄን ቀብሮ በእኔ አሳበበ። አሁን ደግሞ ይኩራራበታል። ሳየው ይቀፈኛል፣ አባቴ።»

ከዚያ ተነሥተው ሄዱ፤ ዳግመኛም አልመጡም። ቫንዲ ዛሬም ዳሱ ውስጥ ክንዱን እያሳየ ያወራል አሉ። እኔ በዚያ በኩል ዓሣ አልሸጥም።