የደጋጋ ጉንጭ

ባለቤቴ ደጋጋ ካዛንቺስ ውስጥ ክትፎ ቤት ነበረው። ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ቦርጩ ቀድሞት የሚገባ ሰው ነበር፤ ደንበኛም እሱን አይቶ ነው የሚገባው። ከሲታ ክትፎ ሻጭ ማን ያምናል?

በ1992 ዓ.ም. ደረቱን ወጋ ወጋ ሲያደርገው ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ እንደ ተማሪ አስቀምጦ አስረዳን። ስብ ሁሉ ጠላት አይደለም አለ። ከቆዳ ሥር ያለው ሙቀት ይጠብቃል፣ ለክፉ ቀንም ስንቅ ነው፤ ኩላሊትን አቅፎ የሚይዝ አለ፤ አንጎል ራሱ ያለ ስብ አይሠራም። ጉበትና አንጀትን የከበበውና ደም ሥር ውስጥ የተጋገረው ግን ይገድላል። ቅቤና ጮማ ካልተወ ዓመት እንደማይቆይ ነገረን።

ደጋጋ ተወ። ክትፎ እየሸጠ ጎመን በላ፤ ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ ከሯጮቹ ኋላ እያለከለከ ሮጠ። በስድስት ወር ሱሪው በቀበቶም አልያዝ አለ። ደረቱን መውጋቱ ቀረለት፤ እኔም ተመስገን አልኩ።

ሰፈሩ ግን ሌላ ነገር አየ። ያኔ የከሳ ሰው ያለበት በሽታ አንድ ብቻ ነው፤ ስሙን የሚጠራ የለም እንጂ። ደንበኛ ክትፎውን በግማሽ ትቶ ይወጣ ጀመር። ጎረቤታችን እጸገነት ውሃ ስሰጣት የብርጭቆውን አፍ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ደጋጋ ተመርምሮ ነፃ የሚል ወረቀት አመጣ፤ ግን ለማን ያሳያል? ሳይጠሩት አቤት ማለት ይሆንበታል። ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ አለቀ።

በመጨረሻ የገዛ ወንድሙ ልጆቹን ከቤታችን አስቀረ። ያን ዕለት ደጋጋ ጓዳ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ሸዋዬ፣ ቅቤ አንጥሪልኝ» አለ።

«ሐኪሙስ?»

«ሐኪሙ ካዛንቺስ አይኖርም።»

አነጠርኩለት። እምቢ ማለት እችል ነበር፤ ሐሜቱ እኔንም አቃጥሎኝ ነበር፣ እውነቱ ይህ ነው። በየጠዋቱ አንድ ስኒ ሙሉ ይጠጣል፤ ሩጫውንም ተወ። ሦስት ወር ሳይሞላ ጉንጩ ተመለሰ። እጸገነት «ጋሽ ደጋጋ፣ አሁን ገና ሰው መሰሉ» አለችው። ጠረጴዛዎቹ ሞሉ፤ ወንድሙም ልጆቹን ይዞ መጣ።

ለመስቀል ሥጋ ሲከትፍ ቢላው ከእጁ ወደቀ። ሐኪም ቤት ሳንደርስ አረፈ።

ለቅሶው ላይ እጸገነት ተጠግታኝ፣ «አይዞሽ። ጉንጩ እንደሞላ ነው የሄደው፤ ማንም ምንም አይልም» አለችኝ።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ተጽናናሁ።