የሚበላው ካርቶን

ወንድሜ የሳሙና ፋብሪካ አለው፤ ማሸጊያውን የምሠራለት እኔ ነኝ። ላስቲክ እንዲቀር ብዬ ከሙዝ ግንድ ቃጫ ካርቶን ሠራሁለት፤ ጽሑፉንም በቀይ ሥር ጭማቂ አተምኩት። "አፈር ላይ ቢጣል አፈር ይሆናል፤ ፍየል ብትበላው እንኳ ምንም አትሆንም" አልኩት። አፌ በተቆረጠ! ጉራ ነፍሱ ስለሆነ በየደረሰበት "ካርቶናችን ይበላል" ይል ጀመር። ቀለሜ ግን ፈዘዘበትና ሳያማክረኝ በርካሽ ወርቃማ ቀለም አሳተመው። "ይሄ እኮ መርዝ አለበት!" ብዬ ብጮህ፣ "ባክሽ አታካብጂ" አለኝ።

ሳሙናውን በጅምላ ለመውሰድ ውል ሊፈርሙ ገዢዎች የመጡ ዕለት ያንኑ ጉራውን ነዛ። አንደኛው ካርቶኑን ወደሱ ገፋ አደረገና "እስቲ ብላው" አለው።

"እኔንማ ጨጓራዬ አላስቀምጥ ብሎኛል" አለ ወንድሜ እየሳቀ። ከዚያ ከትምህርት ቤት መጥታ ጥግ ላይ ሥዕል የምትሥለውን ልጁን ጠራት። "ነይ የኔ ቆንጆ፣ አንቺ ቅመሺላቸው።"

"ቀለሙ!" ብዬ ብድግ አልኩ።

ክንዴን ጨምድዶ አስቀመጠኝ። "አክስቷ ናት፤ ለሥራዋ ስትሳሳ ነው" አላቸው።

ልጅቷ ጫፉን ገመጠችና አኘከች። ከንፈሯ ወርቅ በወርቅ ሆነ። ገዢዎቹ አጨበጨቡላት፤ አንደኛው እስክሪብቶውን አወጣ። እሷ ግን ፊቷን አጨፍግጋ የአባቷን እጅጌ ጎተተች።

"አባዬ፣ ልትፋው?"

ፈገግታው ከፊቱ ሳይጠፋ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

"ዋጪው፤ እየፈረሙ ነው።"