የውስጥ ኪስ ያለው ሱሪ

ልጄ ሽንቱ ውስጥ ደም ያየው ሥራ ቦታ ነው። ቀለም ቀቢ ነው። ያን ሰሞን የአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ ቀይ እየቀቡ ስለነበር ከእጁ የነካካው ቀለም መስሎት ታጠበና ሥራውን ቀጠለ። ማታ ለሚስቱ የነገራት እንደ ቀልድ ነው። ምራቴ ግን አልሳቀችም፤ በማግስቱ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችው። እኔ የሰማሁት ዕጢ ተገኝቶበት ከወጣለት በኋላ ነው። "ለእማዬ ቀድመን ብንነግራት ኖሮ እሷ ቀድማኝ ትተኛ ነበር" አለ አሉ። አልዋሸም።

ስልክ ሲጮህ "ማን ሞተ?" ብዬ የማነሳ ሴት ነኝ። ልጄም ይህን ስለሚያውቅ ሲደውል "ሁላችንም ደህና ነን" ብሎ ነው የሚጀምረው። ሰላምታው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሐኪሟ ያለችውን ምራቴ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ዕጢው የሽንት ፊኛው ውስጥ ነው የበቀለው። መልኩ ክፉ ነው፤ ግን ገና ወደ ጡንቻው አልገባም። እንግዲህ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ፊኛውን ጨርሶ ማውጣት ነው፤ ያኔ ሽንቱ በሆዱ በኩል ወጥቶ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ዕድሜ ልኩን። ሁለተኛው ፊኛውን ትቶ መድኃኒት እየጨመሩበት፣ በቀጭን የካሜራ ቱቦ በየጊዜው ማየት ነው። የትኛው እንደሚሻል ለመመዘን ከዕጢው ቁራጭ ወስደው ለዘረመል ምርመራ ልከዋል። ዕጢው ወደፊት ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚያሳይ የሚጠቁም ምልክት አለው ተባለ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት "ዘረመል" የሚለውን ነው። አባቴ የሞተው ሽንቱ ቀይ ሆኖ ነው። ያኔ ስም ያወጣለት ሰው አልነበረም። ከአባቴ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ልጄ ብዬ ሐረጉን ስስብ አደርኩ።

ልጄ ለምርመራ ሲሄድ አትምጪ ቢለኝም ተከትዬው ሄድኩ። እሱ ውስጥ ገብቶ እኔ መጠበቂያው ክፍል ቁጭ ብዬ ሳለ ፊት ለፊቴ አንድ ትልቅ ሰው ተቀምጠዋል። ሸሚዛቸውን ከሱሪያቸው ውጪ ለቀውታል፤ ቀበቶአቸው ከእምብርታቸው በታች ወርዶ ተጣሟል። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ ዓይኔን መንቀል አልችልም።

"እህቴ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?" አሉኝ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወገብዎን ነው የማየው።"

"በዚህ ዕድሜዬ!" ብለው ሳቁ። "ባለቤቴ ብትሰማ ደስ ይላት ነበር።"

"ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀበቶዎ ቦታው ላይ አይደለም።"

ጠጋ ብለው ነገሩኝ። የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ፊኛቸው ወጥቶ ከረጢት በሆዳቸው በቀኝ በኩል ተንጠልጥሎላቸዋል። ቀበቶውን ሲያጠብቁት ከረጢቱን ይጫነዋል፣ ሲያላሉት ሱሪው ይወርዳል።

"ሌላውስ? ኑሮው?" አልኳቸው።

"ኑሮውንማ ለመድኩት። ያስቸገረኝ ሱሪው ነው። እንዲያውም ጡረታ ባልወጣ ኖሮ አሁን ነበር መንዳት! ለሽንት ሳልቆም አገር አቋርጥ ነበር።"

እሳቸው ይስቃሉ፣ እኔ ልጄን በእሳቸው ወንበር አስቀምጬ እያየሁ ነው።

ልብስ ስፌት ሱቄ እንደተመለስኩ ጨርቅ ቆረጥኩ። የልጄን ልክ ሜትር ሳልይዝ አውቀዋለሁ። ወገቡን ከፍ አድርጌ፣ ቀበቶ እንዳይፈልግ ከኋላ ላስቲክ አስገባሁበት። ከውስጥ በቀኝ በኩል ከለስላሳ ገበር ጥልቅ ኪስ ሰፋሁለት፤ ከረጢቱ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከውጭ ምንም አይታይም። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያማረ ስፌት የሰፋሁ አይመስለኝም። እጄ ሥራ ላይ ሲሆን ሐሳቤ ጋብ ይልልኛል። ሱሪውን ስጨርስ አጥፌ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ስር፣ ከቁርጥራጩ ጨርቅ መሐል ደበቅኩት።

ይህን ሳደርግ ቀለም ቀቢ ቁርጥራጭ ጨርቅ ከየት እንደሚፈልግ አላሰብኩም።

ልጄ የመጣው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነበር። የሱቄን መስኮት ሊቀባልኝ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ሰማያዊ ቀለም በጥብጦ፣ እያፏጨ የመስኮቱን ግራ ክንፍ ቀብቶ ጨረሰ። እኔ የአንድ ደንበኛዬን ቀሚስ እየዘመዘምኩ ነበር። ብሩሹን የሚጠርግበት ሲፈልግ ጎንበስ አለና እጁን ጠረጴዛው ስር ሰደደ። ፉጨቱ ቆመ።

"ይሄ የማን ነው?"

"የደንበኛ ነው።"

ወገቡ ላይ አስጠግቶ ለካው። ልክ የእሱ ነው። ከዚያ እጁን ከውስጥ ወደ ኪሱ ከተተ። ጣቶቹ ገበሩ ውስጥ ሲሄዱ ከውጭ ይታየኛል። ፊቱ አመድ መሰለ።

"እማዬ፣ ውጤቱ መጥቷል እንዴ? ለእኔ ሳይነግሩኝ ለአንቺ ነገሩሽ?"

"ኧረ በፍጹም! ማን ይነግረኛል?"

"አትዋሺኝ። የምታውቂው ነገር አለ።"

"ምንም የማውቀው የለም ልጄ፤ ድንገት ከሆነ ብዬ ነው። እንዳትቸገር።"

"ገና ሳልሞት ከፈን መስፋት ጀመርሽ?" አለና ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ፣ የቀለም ቆርቆሮውን እንኳ ሳይከድን ወጣ።

የመስኮቱ አንድ ክንፍ ሰማያዊ፣ አንዱ የተላላጠ አሮጌ ቡኒ ሆኖ ቀረ። የሚያልፈው የሚያገድመው "ምነው፣ ቀለሙ አለቀ?" ይለኛል። ልጄ አልደወለም። መቀስ አንስቼ ኪሱን ልተረትረው ጀመርኩ፤ ብተረትረውና የሚያስፈልግ ቢሆንስ ብዬ ተውኩት። ብተወውስ መጥፎውን እየጠራሁበት ቢሆን? መቀሱን አንስቼ አስቀመጥኩት፣ እንደገና አነሳሁት። በመጨረሻ መቀሱንም ሱሪውንም አንድ ላይ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩባቸው።

ስልኩ ሲጮህ እሱ ነው። "ነገ ነው ውጤቱ" አለኝ። "ሁላችንም ደህና ነን" አላለም።

"ልምጣ?"

"ብከለክልሽስ ልትቀሪ ነው?" አለ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ልጄን በዕድሜ ብዙም አትበልጠውም። ሦስታችንን አስቀምጣ ኮምፒውተሯን አየች።

"የዘረመሉ ምርመራ ደርሷል። ለውጥ አግኝተናል" አለች።

"ወይኔ ልጄን!" ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ።

"እናቴ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ አልጨረስኩም።"

ምራቴ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

"ሁሉም ለውጥ አንድ አይደለም" አለች ሐኪሟ። "አንዳንዱ ወደ ውስጥ ጠልቆ የሚገባ ዕጢ ላይ ይበዛል። እሱን ፈልገን አላገኘንም። ያገኘነው ሌላውን ነው። ይህኛው ያለበት ዕጢ ተመልሶ መብቀል ይወዳል፤ ግን ብዙውን ጊዜ ላይ ላዩን ይቀራል። በዚያ ላይ ድጋሚ ገብተን ዕጢው ከነበረበት ቦታ ፍቀን የመረመርነው ንጹሕ ነው። ሁሉንም አንድ ላይ ስናየው ፊኛውን አሁን አናወጣውም።"

ገባኝ። አንዳንድ ጨርቅ አንዴ ከተቀደደ እስከ ጫፉ ይሄዳል፤ አንዳንዱ በየቦታው ይቦጫጨቃል እንጂ ቅዱ አይሮጥም። ቢሆንም አንድ ነገር መጠየቅ ነበረብኝ።

"ከእኔ ነው የወረሰው? አባቴም..."

"አይደለም እናቴ። ይህ ለውጥ አብሮት የተወለደ አይደለም። ዕጢው ላይ ብቻ ነው ያለው፤ እዚያው ፊኛው ውስጥ ኋላ የመጣ ነው። በምን እንደመጣ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። የሥራው ኬሚካል ሊሆን ይችላል። ይበልጥ የምንጠረጥረው ግን ሲጋራውን ነው።"

"ሲጋራ?" ብዬ ወደ ልጄ ዞርኩ።

ልጄ ጣሪያውን ያይ ጀመር። ቀለም ቀቢ ስለሆነ ቀለሙን የሚመረምር ይመስላል።

"አቁሟል" አለች ምራቴ ፈጠን ብላ። "እኔ ነኝ ያስቆምኩት።"

"እና 'አሁን አናወጣውም' ያልሽው..." አልኩ ሐኪሟን፤ "'አሁን' ማለት ምን ማለት ነው?"

"መጠንቀቅ አለብን ማለት ነው። መድኃኒቱ ይቀጥላል፣ በካሜራ እናያለን። ይህ ምልክት እንደ አየር ጠባይ ትንበያ ነው እናቴ። ፀሐይ ነው ቢባልም አልፎ አልፎ ይዘንባል።"

"እኔ ፀሐይ ነው ቢሉኝም ጃንጥላ ሳልይዝ አልወጣም።"

"ምን ጃንጥላ?" አለ ልጄ፤ "ዶክተር፣ ይህቺ ሴት ጀልባ ሠርታ ነው የምትጠብቀው።"

ሐኪሟ ሳቀች። ልጄም ሊስቅ ጀመረና መሐል ላይ ድምፁ ተሰበረ። ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ከንፈሩ ላይ ቀልድ ሳይጠፋ የከረመው ልጅ እዚያው ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ምራቴ አንገቱን አቀፈችው። እኔ እጄን የማደርግበት ጠፍቶኝ ጉልበቱ ላይ ያለውን የደረቀ ቀለም በጥፍሬ ፋቅሁለት።

ኮሪደሩ ላይ ምራቴ መድኃኒት ልትቀበል ስትሄድ ግድግዳውን ተደግፈን ቆምን።

"ሱሪውን ተረተርሽው?" አለኝ።

"አልተረተርኩትም። ዛሬ እተረትረዋለሁ።"

"አትተርትሪው።"

"ምን ሟርት ነው ይሄ!" አልኩ።

"የሰፋሽው አንቺ አይደለሽ?" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ያን ቀን የተናደድኩት በአንቺ አይደለም እማዬ። ከወገቤ ላይ ሳስጠጋው ልክክ አለ። ኪሱ ውስጥ እጄን ስከት... የእኔ ነው አልኩ በቃ። ሁሉም ያለቀ መሰለኝ።"

"እኔ እኮ ምንም ነገር ቢመጣ..."

"አውቃለሁ። ቢመጣም ለብሼ እወጣለሁ። እንደ ሾፌሩ።"

"ስለ ሾፌሩ ማን ነገረህ?"

"እሳቸው ራሳቸው ናቸዋ! አንቺ ወገባቸውን ስታዪ የሐኪም ቤቱ ሰው ሁሉ አይቶሻል" አለኝ።

መስኮቱን ሊጨርስ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። የሰፋሁለትን ሱሪ እንድሰጠው ጠይቆ ወሰደና ጓዳ ገብቶ ለብሶ ወጣ። ከፍ ያለው ወገብ ጎንበስ ሲል ጀርባውን አያጋልጠውም፤ ላስቲኩ መሰላል ላይ ሲወጣ ይለጠጥለታል። ትንሿን ብሩሽ ከውስጥ ኪሱ እያወጣ የመስኮቱን ጥግ ይቀባል፣ መልሶ ይከታታል። እኔ በስፌት መኪናዬ የሾፌሩን ሱሪ እየሰፋሁ ነው፤ እሳቸው ሱቄ ድረስ መጥተው ግራጫ ነው የመረጡት።

"ለሥራ ጓደኞቼ በሙሉ ሁለት ሁለት ትሰፊልናለሽ" አለ ከመሰላሉ ላይ። "እንዲህ ያለ ኪስ የለንም።"

"ብሩሹን ታጥበኸዋል?"

"አዎ።"

"በቲነር ነው? ገበሩ ሰውነትህን ይነካል እኮ! ደግሞ ከመሰላሉ እንዳትወድቅ፣ አንድ እግሩ አጭር ነው።"

"ሁላችንም ደህና ነን" አለኝ፣ ቀና ሳይል።