ከጓዳ የሚመጣ መልስ

ጠያቂዋ የቁልፍ ሠሪውን በር ስታንኳኳ ዘንድሮ ዐሥራ ዘጠነኛ ዓመቷ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ሚዛኗን በትከሻዋ አንግታ፣ የደም ግፊት መለኪያዋን በቦርሳዋ ይዛ ትመጣለች። የምትሠራበት የጤና ጥናት ሁለት ሺህ ያህል ሰዎችን መርጦ ማንንም ሳያክም፣ ለማንም መድኃኒት ሳይሰጥ፣ እንዴት እንደሚኖሩና ምን እንደሚያማቸው ብቻ በየዓመቱ ይጠይቃል። ስንት ሰዓት ይተኛሉ፣ ስንት ሲጋራ ያጨሳሉ፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል ወይ። ሰው ለወለደችው እናቱ የማይነግረውን ለእሷ ይነግራታል፤ እሷም ጽፋ ትሄዳለች። ነገረኛ ብሆን ኖሮ ይህን ሰፈር በአንድ ቀን አፋጀው ነበር እያለች ትቀልዳለች።

ከምትጠይቃቸው መቶ ዐሥራ ሁለት ቤቶች ሁሉ የምትናፍቀው ግን ይህን ነበር። ቁልፍ ሠሪው በጥናቱ መዝገብ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ናቸው፣ ለእሷ ጋሼ። ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ የሰዉን በር ሁሉ ሲከፍቱ ኖረው ለራሳቸው አፍ መክፈቻ ሳይሠሩለት የቀሩ። የጥናቱ ደንብ ደግሞ መላሹ ብቻውን ሆኖ፣ በራሱ አንደበት ይመልስ ይላል። ጋሼ ብቻቸውን ይቀመጡ እንደሆን አዎ፣ ይቀመጣሉ። ጎን ያለው ጓዳ ግን በሩ ሁልጊዜ ገርበብ ያለ ነው። እዚያ ባለቤታቸው እትዬ በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪናቸውን ይነዳሉ። ጠያቂዋ ጥያቄውን ታነባለች፣ መኪናው ቀጥ ይላል፣ መልሱ ከጓዳ ይመጣል፣ ጋሼ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ መኪናው ይቀጥላል።

በቀን ስንት ሲጋራ? "እኔ የማየው አንድ ነው፤ የማላየውን እሱን ጠይቂው።" አትክልት ይመገባሉ? "ያያቸዋል።" ገበታ ላይ ጨው ይጨምራሉ? "ሳይቀምስ።" በሳምንት ስንት ሰዓት በእግርዎ ይሄዳሉ? "ከወንበሩ እስከ ገበታው ቆጥረሽ ጻፊ፤ የመመለሻውን እንዳትረሺ።"

መጠይቁ የሚፈልገው ቁጥር ብቻ ነው። ጠያቂዋ ቁጥሩን በሳጥኑ ውስጥ ታስገባና የእትዬን ቃል ደግሞ ኅዳጉ ላይ በደቃቃ ጽሕፈት ታሰፍረዋለች። ለማንም ብላ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ጨዋታ መሬት ላይ ሲወድቅ ስለሚያሳሳት ነው። ከዚያ ቤት ስትወጣ ጥርሷ አይከደንም ነበር።

የመጠይቁ የመጨረሻ ገጽ ላይ ግን ለመላሹ የማይነበብ፣ ጠያቂዋ ራሷ የምትሞላው አንድ ጥያቄ አለ። መልሱን የሰጠው ማነው? አንድ፣ ራሱ። ሁለት፣ ሌላ ሰው። በመጀመሪያው ዓመት ጋሼ ራሳቸውን ነቅንቀዋል ብላ አንድን አከበበች። በሁለተኛው ዓመት ግን ልቧ ያውቀው ነበር። ሦስት ዓመት በተከታታይ ሌላ ሰው የመለሰለት ቤት ከጥናቱ ይሰረዛል፤ ተሰረዘ ማለት ደግሞ እሷ ያን በር ዳግም አታንኳኳም ማለት ነው። ሆድ ይፍጀው ብላ አሁንም አንድን አከበበች። እንዲህ እያለች ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞላት። ጉዱ ደግሞ በየዓመቱ አዲስ ጠያቂዎችን የምታሠለጥነው እሷው መሆኗ፤ ጣቷን ቀስራ "መላሹ ራሱ! ሚስቱም አይደለች፣ ልጁም አይደለም!" ትላቸው ነበር።

ዘንድሮ በሩን የከፈቱት ጋሼ ናቸው። ጓዳው ጭር ብሏል። የስፌት መኪናው ክዳኑ ተደፍቶበት፣ በላዩ የታጠፈ ጨርቅ ተቀምጧል። እትዬ ካረፉ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። ጠያቂዋ አልሰማችም፤ ከየት ትስማ? ባለ ቁጥሩ ጋሼ ናቸው። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ መልስ የሰጡት ሴት በጥናቱ ውስጥ የሉም፣ ሲሞቱም የሚመዘግባቸው አልነበረም። ይህ ሲገባት ሚዛኗን ከትከሻዋ ሳታወርድ አለቀሰች።

ጋሼ እስኪወጣላት ጠበቋት። ከዚያ በዐሥራ ስምንቱ ዓመት ሁሉ ለጠያቂዋ ከተናገሩት የሚበልጥ ተናገሩ።

"ልጄ፣ ያን ጊዜ ጥጉ ላይ የምትጽፊው የእሷን ቃል ነበር አይደል? አይሽ ነበር። ፎቶዋ አለኝ፣ መልኳ አልጠፋኝም። አነጋገሯ ነው እየሸሸኝ ያለው። ነገሩ ትዝ ይለኛል፣ ቃሉን ግን ስፈልገው አጣዋለሁ። አንዱን እንኳ አምጥተሽ ብታነቢልኝ።"

በዚያ ቀን አልጠየቀቻቸውም። በሚቀጥለው ሳምንት እመለሳለሁ ብላ ወጣች።

የጨነቃት ነገር ይህ ነው። ዘንድሮ ወረቀት ቀርቶ ሁሉም ጠያቂ ታብሌት ተሰጥቶታል። የድሮው መጠይቅ ቁጥሩ ሁሉ ኮምፒውተር ስለገባ ወረቀቱ በወሩ መጨረሻ በማሽን እንዲፈጭ ተወስኗል። ኅዳጉን ደግሞ ማንም አላስገባውም፤ የእትዬ ቃል ያለው መጋዘን ውስጥ ብቻ ነው። መጋዘኑ ይቆለፋል። ለነገሩ ጋሼ ቢጠየቁ በደቂቃ ይከፍቱት ነበር ብላ ብቻዋን ሳቀች። የቀናው መንገድ አንድ ነው። ማንኛውም መላሽ ፈርሞ ከጠየቀ የራሱ መልስ ቅጂ ይሰጠዋል። ግን ቅጂው ከመነሣቱ በፊት የመረጃ ክፍሉ ኃላፊ እያንዳንዱን ገጽ ያያል። ኅዳጉ ላይ "ያያቸዋል፣ ሳይቀምስ" የሚል የሌላ ሰው ቃል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ አንድ፣ ራሱ። እጅ ከፍንጅ ማለት ይህ ነው።

ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት ቀርቷታል። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው ተረት እንኳ ለተፈጨ ወረቀት አይሠራም። ሦስት ቀን እንዲህ ከራሷ ጋር ስትሟገት ሰነበተች። በአራተኛው ቀን የቢሮውን ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ አጠራትና እትዬ ስለ ጋሼና ስለ ደረጃ የተናገሩት አንድ ነገር መጣባት። ያን ዕለት እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ስትስቅ እንደሄደች በደንብ ታስታውሳለች። ምን እንዳሉ ግን ጠፋት። በገዛ እጇ የጻፈችው ቃል! ደረጃው መሐል ቆማ ብትል ብትሠራ አልመጣላትም። ከዚያው ተመልሳ የቅጂ መጠየቂያውን ቅጽ ጋሼን አስፈረመች።

የመረጃ ክፍሉ ኃላፊ እሷ ያሠለጠነችው ወጣት ነው። ዐሥራ ስምንቱን መጠይቅ ከመጋዘን አስወጥቶ ማገላበጥ ጀመረ። የመጀመሪያው ኅዳግ ላይ ሳቀ፣ ሁለተኛውም ላይ ሳቀ። ሦስተኛው ላይ ሳቁ እየቀነሰ ሄደ።

"ይህን ያሉት ማን ናቸው?"

"ባለቤታቸው።"

"አንድን ያከበበውስ?"

"እኔ ነኝ። ዐሥራ ስምንት ጊዜ።"

ወጣቱ ብዕሩን አስቀመጠ። "መላሹ ራሱ ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነበሩ" አላት። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ደንቡ ደንብ ነው፤ ወጣቱም አላለሳለሰላትም። የሁለት መቶ ዐሥራ አራት መልስ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ወደ ሁለት ተቀይሮ ከስሌቱ ይወጣል። ዘንድሮ ለመጨረሻ ጊዜ ተጠይቀው ቤቱ ይዘጋል። የቀሩት መቶ ዐሥራ አንድ ቤቶቿም በሌላ ጠያቂ እንደገና ይታያሉ፤ አንድ ቦታ የዋሸ ሌላውም ቦታ ስላለመዋሸቱ ማን ይመሰክርለታል? ሥልጠናውም ለሌላ ተሰጠ። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ወንበሯን ይዘውላት የሚጠብቁት፣ እሷ ያሠለጠነቻቸው ልጆች ዐይናቸውን ሳሕናቸው ላይ ተከሉ። አንገቷን ደፍታ በላች። አፈረች፣ ማፈሯም ተገቢ ነው፤ ግን አልጸጸታትም። ቅጂውን ያነሣው ወጣቱ ራሱ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ኅዳጉ ሲቆረጥ አየና ገጹን አሳንሶ፣ ዳር እስከ ዳር እንዲወጣ አድርጎ፣ ሁሉንም እንደገና አነሣው። ከዚያ ሰጣት።

ጋሼ መነጽራቸውን ቢያደርጉም አንቺው አንብቢልኝ አሏት። ዓመት በዓመት እየተከተለች አነበበችላቸው። በሰባተኛው ዓመት የደረጃው ነገር ተገኘ። ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል ወይ ለሚለው እትዬ "እኔ ቀድሜ ከወጣሁ አያጥረውም፤ ተከትዬው ከሆነ ነው የሚያጥረው፣ እንድሸከመው" ብለዋል። ጋሼ እስኪያስላቸው ሳቁ። እንባቸው መጣ፣ በእጃቸው ጀርባ ጠረጉት፤ "ድገሚው" አሏት። ደገመችላቸው።

የግዷን በመዝገባቸው ላይ የደረሰውን ነገርም ነገረቻቸው፤ መልስዎ ሁሉ ተሰረዘ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለቻቸው።

"የእሷ መልስ ነበር ትክክሉ" አሉ። "እኔ ብመልስ ኖሮ እዋሽሽ ነበር።"

ከዚያ ታብሌቱን አወጣችና የመጨረሻውን ዓመት መጠይቅ ጀመሩ። ዘንድሮ በጥያቄና በጥያቄ መሐል የስፌት መኪናው ድምፅ የለም። ስንት ሲጋራ? ሁለት አሉ፣ ሁለቱንም በመስኮት፤ ማን እንዳያያቸው በመስኮት እንደሚያጨሱ ግን እሳቸውም አያውቁትም። አትክልት? አንዳንዴ። ጨው? እስኪ ላስብ አሉና፣ "እሷ ከሄደች ወዲህ እየቀመስኩ ነው" አሉ። ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሣሉ? እንጃ። እንቅልፍ ውስጥ ይራገጣሉ? እንጃ። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት አንድም "አላውቅም" ተመዝግቦ አያውቅም፤ ዘንድሮ ግን ሁለት ገጽ ሙሉ ሆነ።

"ሲተኙ ያንኮራፋሉ?"

ጋሼ ታብሌቱን ትተው ወረቀቶቹን አዩ። "አምና ምን ብላ ነበር?"

ጠያቂዋ የአምናውን ገጽ ፈለገች። አነበበችላቸው። "አዎ። ካልሰማሁት እንቅልፍ አይወስደኝም።"

የጋሼ እጅ ወረቀቱ ዳር ላይ ነበር። "እንግዲያው አላውቅም በይ" አሉ። አላውቅም የሚለውን ነካች።

የመጨረሻው ገጽ መጣ። ይህን ጥያቄ ጮክ ብላ ለማንም አንብባው አታውቅም፤ ደንቡም አንብቢ አይላትም። ዛሬ ግን አነበበችላቸው።

"መልሱን የሰጠው ማነው?"

ጋሼ ከልማድ አንገታቸውን ወደ ጓዳው አዞሩ። በሩ እንደ ወትሮው ገርበብ ብሏል። ትንሽ ጠበቁ።

"እኔው ነኝ" አሉ። "ብቻዬን።"

አንድ፣ ራሱ የሚለውን ነካች። "ብቻዬን" የሚለውን ግን ታብሌቱ የሚያስገባበት ቦታ የለውም። ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች፤ የአምናውን ቅጂ ወደ ራሷ ሳበችና ከእትዬ ቃል ሥር በዚያው በደቃቃ ጽሕፈቷ ጻፈችላቸው።